የደሴና የኮምቦልቻ ሕዝብ ስንት ነው? ድረ ገጽ ላይ ስንፈልግ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ድሮ የከተማችንን ሕዝብ ቁጥር ለማወቅ ወፍራም የቆጠራ መጽሐፍ ማገላበጥ ወይም በደበዘዘ ስካን ፒዲኤፍ ላይ ዓይን ማድከም ነበር። አሁን ነገሩ ቀሏል። የሕዝብ ስታቲስቲክስ ድረ ገጾች በየጊዜው እየተሻሻሉ ነው። ግራፉን ራሳቸው ይስላሉ። ካርታው ላይ ወረዳውን ስትነኩት ቁጥሩ ብቅ ይላል። ሁለት ከተማ ጎን ለጎን ታወዳድራላችሁ። ሰንጠረዡንም ለኤክሴል ታወርዳላችሁ።

ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ ቁጥሩ በቀላሉ ሲገኝ ሳይጠየቅ መወሰዱ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ፕሮፖዛል የሚያዘጋጁ ማኅበራት፣ ደሴ ፒያሳ ሱቅ ወይም ኮምቦልቻ ፋርማሲ ለመክፈት የሚያስቡ ሰዎች ደጋግመው የሚወድቁባቸው ስህተቶች አሉ። አንድ በአንድ እንያቸው።

ከተማውንና የከተማ አስተዳደሩን አንድ አድርጎ መውሰድ

በእኔ እምነት ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው ይሄ ነው። በ1987ቱ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የደሴ ከተማ ሕዝብ 97,314 ነበር። የ1999ኙን ቆጠራ ስትፈልጉ ደግሞ «ደሴ» ከሚለው ስም ፊት ለፊት 151,174 ታገኛላችሁ። ሁለቱን ስታነጻጽሩ ከተማዋ 55 በመቶ አድጋለች ማለት ነው።

ይህን ያህል ግን አላደገችም። 151,174 በደሴ አስተዳደር ሥር ያሉትን የገጠር ቀበሌዎች ጨምሮ ነው። የከተማው ነዋሪ ብቻውን 120,095 ነበር። ስለዚህ ትክክለኛው ዕድገት 23 በመቶ አካባቢ ነው፤ ከግማሽ በታች ሆነ ማለት ነው።

ኮምቦልቻ ላይ ልዩነቱ ይብሳል። በ1987 ከተማው 39,466 ሰው ነበረው። በ1999 ድምሩ 85,367 ይላል። ይህንን የያዘ ሰው «ኮምቦልቻ ከእጥፍ በላይ አደገች» ብሎ ይጽፋል። ከገጠር ቀበሌዎቹ ውጭ ያለው የከተማ ነዋሪ ግን 58,667 ነው። ዕድገቱ 49 በመቶ ይሆናል። ኮምቦልቻ ከደሴ ፈጥና ማደጓ እውነት ነው፤ ከእጥፍ በላይ አደገች የሚለው ግን አይደለም። በዚህ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ የውሃ መስመር፣ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ የሚያቅድ ሰው መነሻው ላይ ስቷል።

አብዛኞቹ ገጾች «ከተማ»፣ «ገጠር»፣ «ድምር» የሚል ምርጫ አላቸው። ገጹ ሲከፈት ብዙውን ጊዜ የሚታየው ድምሩ ነው። መጀመሪያ እሱን ለዩ።

በስም መሳሳት

ኮምቦልቻ ብላችሁ ስትፈልጉ ሁለት ልታገኙ ትችላላችሁ። ምሥራቅ ሐረርጌ ውስጥም ኮምቦልቻ የሚባል ወረዳ አለ። ዝርዝሩ ውስጥ ክልልና ዞኑን ሳያዩ የመጀመሪያውን የሚነካ ሰው የሐረርጌውን ይዞ ይወጣል። ደሴና ደሴ ዙሪያም የተለያዩ ናቸው፤ ደሴ ዙሪያ ራሱን የቻለ ወረዳ ነው።

የላቲን አጻጻፉም ያስቸግራል። ደሴ በአንድ ኤስም በሁለት ኤስም ይጻፋል፤ ከመጨረሻው ኢ ፊት አይ የሚጨመርበትም የማይጨመርበትም አለ። በአንዱ ካላገኛችሁ በሌላው ሞክሩ። «መረጃ የለም» ብላችሁ አትተዉት።

የዘመን አቆጣጠር

ይህ የእኛው ስህተት ነው። ድረ ገጹ 2007 ሲል በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ያው የ1999 ቆጠራ ማለት ነው። በአማርኛ ሪፖርት ውስጥ «የ2007 ቆጠራ» ተብሎ እንዳለ ሲገለበጥ አንባቢው በእኛ 2007 ዓ.ም. የተቆጠረ ይመስለዋል። መረጃው በአንድ ጊዜ 8 ዓመት አዲስ ሆነ ማለት ነው።

በደፈናው 8 መቀነስም ያሳስታል። ሦስቱ ቆጠራዎቻችን በፈረንጅ 1984፣ 1994 እና 2007 ናቸው። የመጀመሪያውና የሦስተኛው የተካሄዱት ግንቦት ላይ ስለሆነ 8 ስትቀንሱ 1976 እና 1999 ይመጣል። ሁለተኛው ግን ጥቅምት ላይ ነበር። ስለዚህ 7 ነው የሚቀነሰው፤ 1987 ይሆናል። 1986 ብሎ የጻፈ ሁሉ ያልተደረገ ቆጠራ ጠቅሷል።

በነጥቦቹ መካከል ያለውን መስመር ማመን

የግራፉ መስመር ያምራል፤ ሳይቆራረጥ ወደ ላይ ይወጣል። ጠቋሚውን ስታንቀሳቅሱ ለየዓመቱ ቁጥር ይሰጣችኋል። ነገር ግን በዚያ መስመር ላይ ሰው በቤቱ ሄዶ የቆጠራቸው ሦስት ነጥቦች ብቻ ናቸው። በመካከል ያለው በስሌት የተሞላ ነው። ከ1999 በኋላ ያለው ደግሞ ሁሉም ትንበያ ነው።

ሕገ መንግሥቱ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ እንዲደረግ ያዛል። አራተኛው ለ2010 ታቅዶ ተራዘመ፤ በ2011 ሊደረግ ሲል እንደገና ተራዘመ። ስለዚህ ዛሬ የምናየው የደሴ ሕዝብ ቁጥር ሁሉ ሥሩ 1999 ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ የሆነውን አስቡት። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ተመርቋል። በ2014 መጀመሪያ ላይ ጦርነቱ ሁለቱም ከተማ ገብቷል፤ ብዙ ሰው ከቤቱ ወጥቷል፤ ከሌላ ቦታ የተፈናቀሉ ወገኖችም እዚህ ተጠልለዋል። ከ1999 ተነስቶ የተሠራ ትንበያ ይህንን ሁሉ አያውቅም። መስመሩ ላይ አንድም ስብራት አታዩም።

ጥሩ ገጽ የተቆጠረውን በደማቅ ነጥብ፣ የተተነበየውን በተቆራረጠ መስመር ይለያል። ካልለየ ከሥር ያለውን ማስታወሻ አንብቡ።

ከሁለት ቦታ የተወሰደ ቁጥር ማቀላቀል

ለአንድ ዓመት፣ በፈረንጅ 2023፣ የኢትዮጵያ ሕዝብ ስንት ነው? የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ትንበያ 107 ሚሊዮን ገደማ ይላል። የተባበሩት መንግሥታት የ2022 እትም 126.5 ሚሊዮን ይላል። የዚያው ድርጅት የ2024 እትም ደግሞ ለዚያው ዓመት 128.7 ሚሊዮን ይላል። በመካከላቸው ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰው አለ።

ማንም አልዋሸም። የእኛው ተቋም ከ1999 ቆጠራ ተነስቶ ወደፊት ያሰላል። የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች መነሻውን ራሱን ከሌሎች ጥናቶች ጋር እያመሳከሩ ያስተካክላሉ፤ አዲስ እትም ባወጡ ቁጥር ያለፉትንም ዓመታት ይከልሳሉ። የዓለም ባንክ ገጽም በዋናነት እነሱን ይከተላል። ስህተቱ የደሴን ቁጥር ከስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ የአገሩን ከዓለም ባንክ ወስዶ «ከአገሪቱ ሕዝብ ይህን ያህል በመቶው ደሴ ይኖራል» ማለቱ ላይ ነው። ማካፈል ካለባችሁ ሁለቱም ከአንድ ምንጭ ይሁኑ።

የ1976ቱን ቆጠራ የምትጠቀሙም ተጠንቀቁ። አገር አቀፉ 42.6 ሚሊዮን ኤርትራን ይጨምራል። ወሎም ያኔ ክፍለ ሀገር ነበረ። ከዛሬው ደቡብ ወሎ ዞን ጋር አይነጻጸርም።

ካርታው ላይ ያለውን ቁራጭ እንደ ቆጠራ ማየት

አንዳንድ አዳዲስ ካርታዎች መሬቱን 100 ሜትር በ100 ሜትር ከፋፍለው ለእያንዳንዱ ቁራጭ የሰው ብዛት ይሰጣሉ። ቁጥሩ የሚመጣው የወረዳውን ድምር በሳተላይት ምስልና በሌሎች መረጃዎች አማካይነት በማከፋፈል ነው። የጦሳ ገደል ላይ ሰው ቢያሳያችሁ አትደነቁ። ሰፋ ላለ አካባቢ ይጠቅማል፤ ለአንድ ሰፈር ሱቅ ውሳኔ ግን አይበቃም። ለእሱ ቀበሌ ሄዶ መጠየቅና በእግር መዞር ይሻላል።

ስክሪንሹት አንስቶ መሄድ

ገጾቹ ይታደሳሉ፤ ዛሬ ያያችሁት ቁጥር በሚቀጥለው እትም ላይኖር ይችላል። ሰንጠረዡን አውርዱት፤ ያወረዳችሁበትን ቀንና የእትሙን ስም አብራችሁ ጻፉ። እንዲህ ያህል ይበቃል፦ «ደሴ፣ የከተማ ነዋሪ ብቻ፣ 120,095፣ የ1999 ዓ.ም. ሕዝብና ቤት ቆጠራ፣ የተቆጠረ እንጂ ያልተተነበየ።»

እንዲህ ዓይነት ገጽ ለምትሠሩ የከተማችን ወጣቶችም አንድ ልመና አለኝ። ይህቺ መስመር ቁጥሩ በተገለበጠ ቁጥር አብራው እንድትገለበጥ አድርጉ። ከፈረንጁ ዓመት ጎን የእኛን ጻፉ። ድምሩን ሳይሆን የከተማና የገጠር ምርጫውን አስቀድሙ።