ኒዮቪም አልከፈት ሲለኝ ያደረግኩት

ሦስት ቀን አቃጠለኝ። ኒዮቪምን፣ ኮድ መጻፊያ ፕሮግራሜን፣ ስከፍተው ቀይ የስህተት መልእክት ይደረድርና ድርቅ ይላል። አጥፍቼ ደግሜ ጫንኩት፣ ያው ነው። ኮንፊጉን (የቅንብር ፎልደሩን) ብቻ አነሳሁ፣ እሱም አልበቃም።

ለካ ኡቡንቱ (የሊኑክስ ዓይነት) ላይ ፕሮግራሙ ሲጠፋ ሆም በሚባለው የግል ፎልደር ውስጥ ያለው ፋይላችን አይነካም። ትናንት ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ቡናዬን ይዤ ተርሚናሉ (ትእዛዝ መጻፊያው) ላይ ኒዮቪምን የሚከፍተውን «ኤንቪም» ብዬ፣ ክፍት ቦታ ትቼ፣ ሁለት ሰረዝና «ክሊን» አስከተልኩ። ያለ ቅንብር፣ ያለ ፕለጊን (ተጨማሪ መሣሪያ) ጸጥ ብሎ ተከፈተ! የኔው ትራፊ ነው ማለት ነው። ፋይል ማሳያው ላይ ኮንትሮልና ኤች ስጫን ስማቸው በነጥብ የሚጀምረው የተደበቁ ፎልደሮች ወጡ። «ኤንቪም» የሚባል ፎልደር አራት ቦታ ተቀምጧል፦ ነጥብ ኮንፊግ፣ ነጥብ ካሽ፣ ከዚያ ነጥብ ሎካል ውስጥ ሼርና ስቴት ሥር። የድሮ ፕለጊኖቼ የተደበቁት ሼር ውስጥ ነበር። አትሰርዟቸው፣ ስማቸው ላይ «አሮጌ» ጨምሩበት። አራቱንም እንዲያ አድርጌ ስከፍተው ቡናዬ ገና አልቀዘቀዘም ነበር።