ብርድ ሲገባ፣ ወረርሽኝ ሳይወጣ፦ የሰፈር ዝግጅትን ደጅና ኦንላይን ማሰናዳት

በሞቃቱ ወራት ሰው ደጅ ይገናኛል። ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ግን ቀኑ ያጥራል፣ ንፋስና ዝናብ ይመጣል፣ ሁሉም በርና መስኮቱን ዘግቶ ቤቱ ይገባል። እንደ ኮቪድ-19 ያለ በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ በቀላሉ የሚዛመተውም እንዲህ ባለው የታፈነ አየር ውስጥ ነው። ዝግጅቱን ጭራሹን መሰረዝም የራሱ ጉዳት አለው፤ ብቻውን ለሚኖር ሰው ያቺ የወር ስብሰባ ከጎረቤት ጋር የሚገናኝባት ብቸኛ ቀን ልትሆን ትችላለች። ከመሰረዝ በፊት ዝግጅቱን ከፋፍሎ ማየት ይበጃል።

የቀድሞውን መርሐ ግብር ወረቀት ላይ አስፍሩና እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው መዝኑ። ንግግር፣ ሪፖርት፣ ምርጫ፣ ጥያቄና መልስ፣ የፎቶ ትዕይንት ሰው በአካል ባይገኝም ይካሄዳሉ፤ ወደ ኦንላይን ይሂዱ። ሰላምታ፣ የእግር ጉዞ፣ የልጆች ጨዋታ፣ ግቢ ማጽዳት፣ መጽሐፍና ልብስ መለዋወጥ ደጅ ይሁኑ፣ አጭርም ይሁኑ። ቤት ውስጥ የሚቀር ነገር ካለ በጣም ጥቂት ሰው የሚይዝና መስኮቱ የተከፈተ መሆን አለበት። የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ ካገኛችሁ ተጠቀሙበት። ደጅ ያለው አየር 420 ፒፒኤም (ከአየሩ ሚሊዮን እጅ 420 እጁ) ገደማ ያሳያል። ክፍሉ ውስጥ ከ800 ካለፈ ከምትተነፍሱት አየር የተወሰነው ሌላው የተነፈሰው ነውና መስኮት ጨምሩ ወይም ሰው ቀንሱ።

መዝሙርና ዘፈን ለብቻው ይታሰብ። እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2020 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ስካጂት አውራጃ ውስጥ 61 ሰዎች ለሁለት ሰዓት ተኩል የመዘምራን ልምምድ አደረጉ። በኋላ ከእነሱ ውስጥ 53ቱ በምርመራ በተረጋገጠ ወይም በምልክቱ በታወቀ ኮቪድ ታመሙ፣ 2ቱ ሞቱ። ከፍ ባለ ድምፅ ስንዘምር ከሳንባ የሚወጣው ብናኝ ይበዛል፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥም አየር ላይ ተንሳፍፎ ይቆያል። ስለዚህ ዝማሬ ደጅ፣ ተራርቆ፣ ለጥቂት ደቂቃ ይሁን። ዙም በተባለው የቪዲዮ መሰብሰቢያ አብሮ መዘመር ደግሞ አይሳካም። ድምፅ በኢንተርኔት ሲመላለስ ስለሚዘገይ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ዜማው ይጎተታል። ያለው መፍትሔ አንድ ሰው ድምፁን ከፍቶ ሲመራ ሌላው ሁሉ ድምፁን ዘግቶ ቤቱ ሆኖ መቀበል ነው፤ ስሜቱም ከሚጠበቀው በላይ ጥሩ ነው።

ደጅ የሚደረገው

በቅድሚያ የአካባቢውን የጤና መሥሪያ ቤት ደንብ በዝግጅቱ ሳምንት ዳግም ጠይቁ፤ በወረርሽኝ ጊዜ የሚፈቀደው የሰው ቁጥር ከሳምንት ሳምንት ሊለወጥ ይችላል። የደጅና የቤት ውስጥ ቁጥር ለየቅል ሊሆን እንደሚችልም አስታውሱ። ሦስት ወይም አራት ጎኑ የተጋረደ ድንኳን አየሩ እንደ ቤት ነውና እንደ ደጅ አትቁጠሩት።

ቦታውን በዓይን ግምት ሳይሆን በሜትር ለኩ። አንድ ቤተሰብ የሚቀመጥበትን 2 በ2 ሜትር ካሬ አስምሩ፣ በካሬና በካሬ መካከል 2 ሜትር ክፍት ተዉ። ለምሳሌ 14 በ22 ሜትር ግቢ ቢኖራችሁ፣ ከፊት 4 ሜትሩን ለተናጋሪው ስትተዉ 14 በ18 ይቀራል። በወርዱ 4፣ በቁመቱ 5፣ በድምሩ 20 ካሬ ይወጣል። በአንዱ ካሬ እስከ 4 ሰው ይቀመጣል ብሎ 80 ሰው መጥራት ግን ስሕተት ነው። አንዳንዱ ቤተሰብ ሁለት ሰው ነው፣ አንዳንዱም ብቻውን ይመጣል፤ ቦታው በሰው ብዛት ሳይሆን በካሬ ብዛት ይሞላል። ስለዚህ ምዝገባው በቤተሰብ ይሁን፤ 18 ከሞላ ዝጉትና ሁለቱን ሳይመዘገብ ለሚመጣ አቆዩ። ለማስመር በየ2 ሜትሩ የተቋጠረ ረጅም ገመድና ሁለት ሰው ይበቃሉ። መስመሩን በኖራ አድርጉት። ካስማ ከተከላችሁ ጫፉ ላይ ነጭ ጨርቅ እሰሩበት፣ ማምሻውን ሰው ይደናቀፋል።

ብዙ ጊዜ ርቀቱ የሚፈርሰው ካሬው ውስጥ አይደለም፤ በሩ ላይ ነው። አንድ ሰው ስም ጽፎ፣ እጅ አስጸድቶ፣ ቦታ አሳይቶ ለማስገባት 1 ደቂቃ ቢፈጅ 50 ሰው 50 ደቂቃ ይሰለፋል፣ የተሰለፈ ሰው ደግሞ ይጠጋጋል። ስምና ስልክ አስቀድማችሁ መዝግቡ፣ የካሬውን ቁጥር ከቀኑ በፊት በመልእክት ላኩ፣ መግቢያ ሰዓቱንም በየ10 ደቂቃው ከፋፍሉ። በሩ ላይ ሁለት አጋፋሪ ይቁሙ፦ አንዱ ስም ያረጋግጣል፣ አንዱ ወደ ካሬው ይመራል። ለአምስት ሰው አንድ ትርፍ ማስክ ያዙ። በትንፋሽ ወይም በካፊያ የረጠበ ማስክ በአግባቡ አያስተነፍስምና የሚቀየር ያስፈልጋል።

በግንባር የሚለካ ቴርሞሜትር በዚህ ወቅት ደጅ ላይ ባትተማመኑበት ይሻላል። ከብርድ የመጣ ሰው ግንባሩ ስለሚቀዘቅዝ ትኩሳት ቢኖረውም መሣሪያው ዝቅ አድርጎ ያነባል። ከዚህም በላይ ሰው ምልክት ከመታየቱ 2 ቀን በፊት ሊያስተላልፍ ይችላል። «ያመመው፣ ቤቱ የታመመ ያለው እባክዎ አይምጣ፤ ሊንኩን እንልክልዎታለን» የሚል መልእክት ጠዋቱን መላክ የበለጠ ይጠቅማል። ሰው ሳይመጣም ሙሉ ቦታ እንዳለው ካወቀ ሕመሙን አይደብቅም፤ ኦንላይኑ ከደጁ ጋር አብሮ የሚሰናዳበት ትልቁ ምክንያት ይህ ነው።

ሳኒታይዘሩ ቢያንስ 60 በመቶ አልኮል ያለበት ይሁን። ለአንድ ጊዜ 3 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ 60 ሰው ሦስት ሦስት ጊዜ ቢጠቀም 540 ሚሊ ሊትር ነው፣ አንድ ሊትር ከበቂ በላይ ነው። ከሻማና ከእሳት አርቁት፣ በቶሎ ይቀጣጠላል። ስለ እሳት ካነሣን፦ የጋዝ ወይም የከሰል ማሞቂያ የተጋረደ ድንኳን ውስጥ በፍጹም አታስገቡ። የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው ሰው ሳያውቀው ይገድላል። ብርዱን መቋቋም የሚቻለው ዝግጅቱን በማሳጠር ነው። ብዙ ቁጭ ያለ ሰው በብርድ መንቀጥቀጥ ሊጀምር ይችላልና ከ45 እስከ 60 ደቂቃ ይብቃ። የየራሱን ብርድ ልብስ ይዞ እንዲመጣም በጥሪው ላይ ጻፉ።

መጀመሪያ ሰዓቱን ከጀንበር ወደ ኋላ ቆጥሩ፦ የዚያን ቀን ጀንበር የምትጠልቅበትን እዩ፣ ከዚያ 30 ደቂቃ ለመበተን፣ 30 ደቂቃ ዕቃ ለመሰብሰብ፣ 1 ሰዓት ለዝግጅቱ ቀንሱ። ዝቅ ያለችው ጀንበር ዓይን ትወጋለች፤ መድረኩን ጀንበሯ ለታዳሚውም ለተናጋሪውም በጎን እንድትሆን አድርጋችሁ ትከሉት።

ምግብን በተመለከተ ሐሳባችን ግልጽ ነው፦ አብሮ መብላት ማስክ ማውለቅ፣ ፊት ለፊት መቀመጥና መጠጋጋት በአንድ ላይ ነው። ካስፈለገ ለየቤተሰቡ ታሽጎ መውጫ ላይ ይታደልና ቤት ይበላ። መጸዳጃ ቤት የደጅ ዝግጅት ውስጥ ያለች ብቸኛ ዝግ ክፍል ናት፤ መስኮቷ ቀኑን ሙሉ ይከፈት፣ አንድ ቤተሰብ በአንድ ጊዜ ይግባ።

ዝናብ ሲመጣ «ለዛሬ ብቻ አዳራሽ እንግባ» የሚል ሐሳብ አይጠፋም። መልሱን አስቀድማችሁ ወስኑና በጥሪው ላይ ጻፉት፦ ከዘነበ ወደ ውስጥ አንገባም፣ በዚያው ሰዓት ኦንላይን እንገናኛለን። ውሳኔው ከ24 ሰዓት በፊት በአንድ ሰው ይወሰን፣ በአንድ መንገድ ይነገር። በኮሚቴ ሲወሰን ግማሹ ሰው ዝናብ ውስጥ ቆሞ ይጠብቃል።

ኦንላይን የሚደረገው

ሦስት ሰው ያስፈልጋል፣ ሦስቱም የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ። አንዱ መድረክ ይመራል፣ አንዱ ሰው ያስገባል፣ ድምፅ ይዘጋል፣ ይከፍታል፣ አንዱ ደግሞ ቻት ያነባል። መድረክ መሪው ራሱ ቻት ላንብብ ካለ ንግግሩ በየመሃሉ ይቆረጣል። ሰው የሚያስገባው ኢንተርኔቱ ቢጠፋ ሌላው እንዲተካው ረዳት አስተናጋጅ ቀድማችሁ ሹሙ።

ነጻው የዙም አካውንት ስብሰባውን በ40 ደቂቃ ይዘጋዋል፣ ከ100 ሰው በላይም አይቀበልም። 40 ደቂቃ ለብዙ ዝግጅት ይበቃል፤ የሚያበላሸው ሰው ለመሰባሰብ የሚፈጀው 10 ደቂቃ ነው። በሩን በሰዓቱ ክፈቱና በ5ኛው ደቂቃ ጀምሩ። ሊንኩን ለሁሉም ክፍት በሆነ ገጽ ላይ አትለጥፉ፣ ያልተጠራ ሰው ገብቶ ጸያፍ ምስል ያሳያል። ለተመዘገበ ብቻ ላኩት፣ መጠበቂያ ክፍሉን አብሩ፣ ስክሪን ማሳየትን ለአስተናጋጁ ብቻ አድርጉ፣ ሁሉም ሲገባ ድምፁ ዝግ ይሁን።

ሩቅ አገር ያለ ዘመድ የሚገባ ከሆነ ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ። አውሮፓ ውስጥ ሰዓት የሚቀየረው በኦክቶበር የመጨረሻው እሑድ፣ አሜሪካ ውስጥ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ነው፤ ሌላው ብዙ አገር ጭራሽ አይቀይርም። በሁለቱ እሑዶች መካከል በአውሮፓና በአሜሪካ ሰዓት መካከል የለመዳችሁት ልዩነት በ1 ሰዓት ይዛነፋል። በጥሪው ላይ የእያንዳንዱን ከተማ ሰዓት ለየብቻ ጻፉ።

ስማርት ስልክ ለሌለው፣ አካውንታችሁ በመደበኛ ስልክ መደወልን ከፈቀደ፣ የስልክ ቁጥሩንና የስብሰባውን ቁጥር በትልልቁ ጽፋችሁ ስጡ። በዙም በስልክ የገባ ሰው ኮከብና 6 ሲጫን ድምፁ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ኮከብና 9 ሲጫን እጁን ያወጣል። ከቀኑ በፊት አንድ ወጣት ደውሎ አብሮ ይለማመድ። የልጆች የእጅ ሥራ ካለ ወረቀቱ፣ ቀለሙ፣ ሙጫው በኤንቨሎፕ ታሽጎ ከሳምንት በፊት ይድረስ፤ ልጁ እጁ ላይ ነገር ከሌለው ስክሪኑ አጠገብ አይቆይም።

ሁለቱን ማገናኘት

ደጅ ያለውን ዝግጅት በቀጥታ ማስተላለፍ ብዙዎች እንደሚያስቡት ስልክ ቆሞ መያዝ አይደለም። ሁለት ዝግጅት ነው፣ ሁለት ቡድን ይጠይቃል። ያ አቅም ከሌላችሁ በተለያየ ቀን አድርጓቸው፤ በደንብ የተሠሩ ሁለት ትንንሽ ዝግጅቶች ከተዝረከረከ አንድ ትልቅ ይሻላሉ።

አቅሙ ካለ ከምስል በፊት ድምፅን አስቡ። ምስሉ ቢደበዝዝ ሰው ይታገሣል፣ ድምፁ ከተቆራረጠ ግን ይወጣል። የላፕቶፑ የራሱ ማይክሮፎን ንፋሱንና የቅርቡን ወሬ ስለሚለቅም፣ ከድምፅ ማቀላቀያው (ሚክሰሩ) ወጥቶ በዩኤስቢ የድምፅ መቀበያ በኩል ላፕቶፑ ውስጥ የሚገባ ገመድ ዘርጉ። የሚክሰሩን መውጫ በቀጥታ ወደ ማይክሮፎን ቀዳዳ ከሰካችሁት ጉልበቱ ስለሚበዛ ድምፁ ይሰነጠቃል። ከርቀት የሚናገር ሰው ካለ፣ ወደ ላፕቶፑ የሚሄደው ድምፅ ውስጥ የእሱ ድምፅ እንዳይኖር አድርጉ፤ አለበለዚያ የራሱን ቃል ዘግይቶ እየሰማ መናገር ያቅተዋል። ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ያለውን ስርጭት ይዝጋ፤ አንድ የተከፈተ ስልክ ማይክሮፎን አጠገብ ካለ ድምፁ ያስተጋባል፣ ያፏጫል። ማይክሮፎኑ በየአፉ አይዙር፤ ቆሞ ይቀመጥ፣ ጠያቂው ጥያቄውን ለአጋፋሪ ጽፎ ይስጥ።

ኢንተርኔቱን በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት ፈትኑ። የሚቆጠረው የመላኪያ ፍጥነቱ ነው፤ ጥርት ላለ ምስል ከ3 እስከ 5 ሜጋቢት በሰከንድ ያስፈልጋል። 50 ስልክ በአንድ ግቢ ሲሰበሰብ የሞባይል ኔትወርክ ስለሚጨናነቅ ብቻውን ሲፈተን የሠራው በዕለቱ ሊደክም ይችላል፤ ከተቻለ ከቅርብ ቤት ኬብል ሳቡ። በብርድ ባትሪ ቶሎ ስለሚያልቅ ትርፉን ኪስ ውስጥ ሞቅ አድርጋችሁ ያዙ። የኤሌክትሪክ ማከፋፈያው መሬት ላይ አይተኛ፣ እርጥበት ባለበት ሰው ይይዛል።

ሁለቱም የማይደርሳቸው

ደጅ መውጣት የማይችል፣ ኢንተርኔትም የሌለው ጎረቤት አለ። ለአምስት እንዲህ ያሉ ሰዎች አንድ ደዋይ መድቡ። መርሐ ግብሩ በወረቀት ደጃፋቸው ላይ ይቀመጥ፣ ዝግጅቱ ባለቀ ማግስት ተደውሎ የተባለው ይነገራቸው። ማን ምን አለ፣ ማን ታየ፣ ልጆቹ ምን ሠሩ የሚለው ዝርዝር ከሪፖርቱ ይልቅ ይጠቅማቸዋል።

ከዝግጅቱ በኋላ

የተገኙትን ሰዎች ስም፣ ስልክና የካሬ ቁጥር ለ21 ቀን ያዙ። ኮቪድ ከተጋለጡ በኋላ እስከ 14 ቀን ድረስ ሊታይ ስለሚችል የመመርመሪያው ጊዜ ተጨምሮ ይበቃል። ወረቀቱ የሚቀመጠው አንድ ሰው ዘንድ ነው። ታመምኩ የሚል ሰው ከተገኘ ለጤና መሥሪያ ቤቱ ንገሩ፣ ለተሳታፊውም በዚያው ዕለት ጻፉ። መልእክቱ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ይጥቀስ፤ የታመመውን ስም፣ ካሬውንም ቢሆን አይጥቀስ። በ2 ሜትር ውስጥ በ24 ሰዓት በድምሩ 15 ደቂቃና ከዚያ በላይ አብሮት ለቆየ ለብቻው ደውሉለት። የታመመው ሰው ስም አንድ ጊዜ ከወጣ በሚቀጥለው ዝግጅት ማንም ሕመሙን አይናገርም። በ22ኛው ቀን ወረቀቱን ቅደዱት፣ ስልክ ላይ ያለውንም ፎቶ አጥፉ።