ጥንዶች ጉብኝትንና ምግብን አጣምረው ጉዞ እንዴት ያቅዳሉ?

ባልና ሚስት ለሽርሽር ሲወጡ አብዛኛውን ጊዜ በጥንቃቄ የሚያቅዱት የሚታየውን እንጂ የሚበላውን አይደለም። ቤተ መንግሥቱ፣ ሙዚየሙና አሮጌው ሰፈር በየሰዓታቸው ይደለደላሉ፤ ምግቡ ግን «የተገኘውን እንበላለን» ተብሎ ይታለፋል። በዚህ የተነሳ እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ሁለት የራባቸው ሰዎች ከሐውልቱ ፊት ለፊት ካለው የመጀመሪያ ምግብ ቤት ገብተው፣ ያልወደዱትን በልተው፣ በማይረባ ነገር ሲነታረኩ ይገኛሉ። እኔና ባለቤቴ ይህን ደጋግመን ካየነው በኋላ የያዝነው ዘዴ ቅደም ተከተሉን የሚገለብጥ ነው፦ ለእያንዳንዱ ቀን መጀመሪያ ዋናው ምግብ ይወሰናል፤ የሚጎበኘው ቦታ በእርሱ ዙሪያ ይደራጃል።

የመጀመሪያው ሥራ የሚከናወነው ቤት ውስጥ ሲሆን፣ ሁለታችሁም ሳትመካከሩ ለየብቻችሁ የምትሠሩት ነው። እያንዳንዳችሁ ማየት የምትፈልጉትን ሦስት ቦታ፣ መቅመስ የምትፈልጉትን ሦስት ምግብ፣ በመጨረሻም የማትችሉትን ነገር ሁሉ ጻፉ፤ አለርጂ፣ ጾም፣ የጉልበት ሕመም፣ የከፍታ ፍርሃት ሁሉ ይግባ። ለየብቻ መጻፉ የሚጠቅመው አንድ ላይ ሲቀመጡ ይሉኝታ የያዘው ሰው «አንቺ ያልሽው ይሁን» ብሎ ፍላጎቱን ስለሚውጥና በጉዞው አራተኛ ቀን ላይ ስለሚያስታውሰው ነው። በሁለቱም ወረቀት ላይ የተገኘው ይቅደም፤ ከዚያም እያንዳንዳችሁ ሌላው የማይፈልገውን አንድ ነገር ያለ ማጉረምረም የማስደረግ መብት ይኑራችሁ።

ምን እንዳለ ለማያውቅ ሰው የዩኔስኮ ሁለት መዝገቦች ጥሩ መነሻ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1972 በጸደቀው ስምምነት ላይ የተመሠረተው የዓለም ቅርስ መዝገብ ቦታዎችን ይዘረዝራል። በ2003 በጸደቀው ስምምነት የተጀመረው የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ደግሞ ከ2010 ጀምሮ የምግብ አዘገጃጀትና የአመጋገብ ባህሎችንም አካቷል። የመዳረሻችሁን አገር በሁለቱም ውስጥ ብትፈልጉ፣ የሚታየውንና የሚበላውን በአንድ ምሽት ትለዩታላችሁ።

ቀጥሎ የመረጣችሁትን ሁሉ በአንድ ካርታ ላይ ምልክት አድርጉበትና ካርታውን ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ስልካችሁ ላይ አውርዱት። ከአንድ ምግብ ቤት በእግር እስከ 20 ደቂቃ ርቀት ላይ ያሉት ቦታዎች የአንድ ቀን መርሐ ግብር ይሆናሉ። እዚህ ላይ የመዝጊያ ቀንና ሰዓት መመልከት ግድ ነው፤ በብዙ አገሮች ሙዚየሞች በሳምንት አንድ ቀን፣ ብዙውን ጊዜ ሰኞ፣ ይዘጋሉ፤ ብዙ ማብሰያ ቤቶችም በምሳና በእራት መካከል እሳት ያጠፋሉ። እኛ አንድ ጊዜ ይህን ሳናጣራ ለአንድ ምግብ ብለን ረጅም መንገድ ተጉዘን የተዘጋ በር ደርሰን ስናበቃ፣ ምሳችን ከመንገድ ዳር የተገዛ ደረቅ ብስኩት ሆኖ ቀርቷል።

በአውሮፕላን ከሄዳችሁ የደረሳችሁበት ምሽት ለትልቁ እራት አይሆንም። በአውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር በጣም ደረቅ ከመሆኑም በላይ ግፊቱ እስከ 2400 ሜትር ከፍታ ካለው ቦታ ጋር የሚቀራረብ በመሆኑ አፍንጫ ይደርቃል፣ የማሽተትና የማጣጣም ችሎታም ይደክማል፤ ብዙ የሰዓት ልዩነት ካለ ደግሞ ሆድም እንደ እንቅልፍ ሁሉ በቀድሞው ሰዓቱ ይቆያል። ቀለል ያለ ነገር በልታችሁ ተኙ። በማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያ ጉብኝታችሁ የአካባቢው የምግብ ገበያ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ወቅቱ የምን እንደሆነ የምታውቁት እዚያ ነውና።

የቀኑ አቀማመጥ እንዲህ ይሁን። ከባዱን ጉብኝት ጠዋት አድርጉት፤ ከአንድ ትልቅ ሙዚየም በላይ ግን አትደርቡ። ቤንጃሚን አይቭስ ጊልማን የተባሉት የቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ባልደረባ እ.ኤ.አ. በ1916 «የሙዚየም ድካም» ብለው የጻፉበትን ችግር ማንም ጎብኚ ያውቀዋል፤ ቆሞ፣ አጎንብሶና አንገትን አጣምሞ መመልከት ሰውነትን ያዝላል፣ ትኩረትንም ይበትናል። ስለዚህ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ካያችሁ በኋላ ውጡና ዋናውን ምግብ ምሳ ላይ ብሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለእግር ጉዞና ለመናፈሻ ይበቃል።

አሁን ወደ ጠረጴዛው እንምጣ፤ ሁለት ሆኖ የመጓዝ ትልቁ ጥቅም የሚገለጠው እዚህ ነው። ሰው አንድን ምግብ በበላ ቁጥር የዚያ ምግብ ደስታ እየቀነሰ ሲሄድ ያልነካው ሌላ ምግብ ግን ማጓጓቱን አይተውም፤ «በቃኝ» ያለ ሰው ጣፋጭ ሲመጣ እንደገና እጁን የሚዘረጋው ለዚህ ነው። በመሆኑም ሁለታችሁም አንድ ዓይነት ምግብ አትዘዙ። አንደኛው ምግብ ይጥመናል ብላችሁ የምትገምቱት፣ ሁለተኛው ግን ስሙን እንኳ ሰምታችሁ የማታውቁት ይሁን፤ ግማሽ ላይ ስትደርሱ ሳህን ተለዋወጡ። አስተናጋጁን «ጥሩው የትኛው ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁሉም ጥሩ ነው ይላችኋልና። «ደንበኞቻችሁ ተመልሰው የሚመጡት ለየትኛው ነው?» ማለት የተሻለ መልስ ያስገኛል። አፍንጫ ለአንድ ሽታ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ስለሚለምድ ስለ ጣዕሙ የምትሉትን በመጀመሪያዎቹ ጉርሻዎች ላይ ተነጋገሩ። ሳህን መለዋወጥ ነውር በሆነበት አገር ደግሞ ተጨማሪ ባዶ ሳህን መጠየቁ ያስኬዳል።

አዲስ ምግብ ሲቀመስ ጤናም አብሮ ይታሰባል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው የበሰለ ምግብ ሳይቀርብ የሚቆይ ከሆነ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ትኩስ ሆኖ፣ ቀዝቃዛው ደግሞ ከ5 ዲግሪ በታች ሆኖ መቀመጥ አለበት፤ በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ የቆየ የበሰለ ምግብ አይታመንም። በመንገድ ዳር መብላት ክፉ አይደለም፤ ፊታችሁ ከእሳት ላይ የሚወጣው ቶሎ ቶሎ የሚሸጥ ምግብ፣ ተከፍቶ ከዋለ የሆቴል ቡፌ ይሻላል። ውኃው የሚያጠራጥር ከሆነ በረዶውም ያጠራጥራል፤ ለማፍላት ውኃው ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ፣ ከ2000 ሜትር በላይ ባለ ከፍታ ግን 3 ደቂቃ መቆየት አለበት። የሚያጠራጥር ነገር መቅመስ የግድ ከሆነም አንዳችሁ ብቻ ቅመሱ፣ አስታማሚ ያስፈልጋልና። ተቅማጥ ከያዘና ኦአርኤስ (ተቅማጥ ሲይዝ በውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣው ዱቄት) ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ 6 ያልተቆለለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ መጠጣት ይቻላል፤ ትኩሳት ወይም ደም ከታየ ግን ሐኪም ዘንድ ይኬዳል። አለርጂ ያለበት ሰው የማይበላውን በሚጎበኘው አገር ቋንቋ በካርድ ላይ ያስጽፍና ካርዱን ለአስተናጋጅ ሳይሆን ለአብሳዩ እንዲደርስ ያድርግ።

የመጨረሻው ሥራ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት አሥር ደቂቃ የሚወስድ ነው። አንዳችሁ ያያችሁትን፣ ሌላችሁ የበላችሁትን በአንድ ደብተር ላይ መዝግቡ፤ የምግቡን ስም አስተናጋጁ ራሱ በአገሩ ፊደል እንዲጽፍላችሁ አድርጉ፣ የምግብ ዝርዝሩንም ፎቶ አንሡት። ሳህኑን ብቻ ፎቶ ያነሣ ሰው ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ያንን ምግብ ለመሥራት ሲፈልግ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ አያውቅም።