ሳትነካካ የቆየች የ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የቤት መኪና ለሽያጭ ስታገኙ፦ እንዴት አይታችሁ እንደምትገዙ

የስፖርት መኪና ገና ከፋብሪካ ስትወጣ ጀምሮ የሚሳሳላት አላት። የቤት መኪና ግን የሥራ ዕቃ ነበረች። ልጆች ከኋላ ይታጨቁባታል፣ ከላይ ዕቃ ይጫንባታል፣ ፀሐይና ዝናብ ይፈራረቅባታል፣ በመጨረሻ ዝገት ይበላትና ወደ ብረት ማቅለጫ ትሄዳለች። ለዚህ ነው እንደ ፊያት 124፣ ፔጆ 504፣ ቶዮታ ኮሮላ፣ ፎርድ ኮርቲና ያሉት፣ በዘመናቸው የትም የሚታዩ የነበሩት፣ ዛሬ እንደነበሩ ማግኘት ከባድ የሆነው። ከፊያት 124 የተወለደችው ላዳ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በሚሊዮኖች ተመርታለች፤ ሆኖም ቀለሟ፣ ወንበሯና ዳሽቦርዷ ያልተቀየረ አንዲት ካያችሁ ቆም በሉ።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው ቁልፍ ያዞርና ሞተሩ ከተነሳ "ደህና ናት" ይላል። እኔ ግን የማየው በተቃራኒው ቅደም ተከተል ነው። ሞተር ይታደሳል፣ ፍሬን ይቀየራል፣ ካርቡሬተር ይጠረጋል። የበላ ላሜራና የጠፋ ኦሪጅናል ዕቃ ግን ገንዘብ ቢኖርም ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ ሞተሩን ወደ መጨረሻ ተዉት።

1. ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ

ሻጩን "እኔ እስክደርስ ሞተሩን አታስነሳው" በሉት። ቀዝቃዛ ሞተር የሚናገረውን የሞቀ ሞተር ይደብቃል። ስንት ዓመት እንደቆመች፣ የት እንደቆመች (ጣሪያ ሥር ነው ወይስ ሜዳ ላይ?)፣ ለመጨረሻ ጊዜ መንገድ ላይ የወጣችው መቼ እንደሆነ ጠይቁ። ሊብሬው በማን ስም እንደሆነም ጠይቁ።

የሻንሲ ቁጥሩ አጭር ቢሆን አትደንግጡ። ባለ 17 ፊደልና ቁጥር የሻንሲ ቁጥር በስፋት የተለመደው እ.ኤ.አ. ከ1981 ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ አምራች በራሱ መንገድ ይጽፍ ነበር። ዋናው ብረቱ ላይ የተመታው፣ የፋብሪካዋ መለያ ሳህን ላይ ያለውና ወረቀቱ ላይ የተጻፈው መመሳሰላቸው ነው። ካልተመሳሰሉ፣ መኪናዋ የፈለገውን ያህል ብታምር ተዉአት።

2. ላሜራውን በቀን ብርሃን፣ ደረቅ ሆኖ እዩ

ማታ አትሂዱ። ታጥባ ገና ውኃ ያለባትን መኪናም አትመልከቱ፤ እርጥብ ቀለም ሁሉ ያበራል። ባትሪ መብራት፣ በስስ ጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ማግኔትና መሬት ላይ የምትተኙበት ምንጣፍ ያዙ።

ማግኔቱ የሚያስፈልገው ለስቱኮ፣ ማለትም ጉብጠትና ዝገት ለሚደፈንበት ሊጥ መሰል መሙያ ነው። ከበሮቹ ሥር ባለው ላሜራ፣ በፓራፋንጎዎቹ (ጎማዎቹን ከላይ በሚሸፍነው ላሜራ) ጠርዝና በበሮቹ ታችኛ ክፍል ላይ ቀስ ብላችሁ አሳልፉት። ጥሩ ብረት ላይ ይጣበቃል፤ ወፍራም ስቱኮ ላይ ይንሸራተታል። እኔ በአንድ ወቅት እንደ መስታወት የምታበራ መኪና ገዝቼ፣ ከስድስት ወር በኋላ ቀለሙ ከበሩ ሥር ሲያብጥ ነው ማግኔት መያዝ የጀመርኩት። ያን ያህል የሚያበራ ቀለም ከመጀመሪያውም ሊያጠራጥረኝ ይገባ ነበር። የሃምሳ ዓመት ኦሪጅናል ቀለም ደብዘዝ ይላል፣ ጫፍ ጫፉ ላይ ይሳሳል፣ ትንንሽ ጭረት አለው፤ እኔ ዛሬ የምፈልገው እሱን ነው።

ከዚያ ወደ ውስጥ ግቡ። ምንጣፉን አንሡና የወለሉን ብረት በጣታችሁ ተጫኑት። እርጥበት ወይም የሻገተ ሽታ ካለ ውኃ የሚገባበት ቦታ አለ፤ ብዙውን ጊዜ የፊት መስታወቱ ጎሚኒ ደርቆ ተሰንጥቋል። የኋላውን ዕቃ መጫኛ ከፍታችሁ መለዋወጫ ጎማውን አውጡና ጎድጓዳውን እዩ። ከባትሪው ሥርም እዩ፣ አሲድ ብረት ይበላል። በመጨረሻ ከታች ተኙ። ትኩስ ጥቁር ቅባት በወፍራሙ ተቀብቶ ካገኛችሁ ሻጩን ለምን እንደተቀባ ጠይቁት። ዝገትን ለመከላከልም ይቀባል፣ ዝገትን ለመሸፈንም ይቀባል። ላይ ላዩን ያለ ቡናማ ዝገት አያስፈራም፤ ሲነኩት እንደ ቅጠል የሚረግፍ ግን ያስፈራል።

የተጣመመ ፓራውልት ወይም ትንሽ ጉብጠት ካለ እለፉት። የሚያስጨንቀው ሰውነቷን የተሸከመው ብረት ነው።

3. ትንንሾቹን ዕቃዎች ቁጠሩ

ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ለታወቁ የስፖርት መኪናዎች ዛሬም አዲስ የሚመረት ዕቃ አለ። ለተራ ሰዳን ግን የኋላ መብራት ፕላስቲክ፣ የበር እጀታ፣ የወንበር ጨርቅ ወይም ያልተሰነጠቀ ዳሽቦርድ ለማግኘት ዓመታት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ አንድ በአንድ እዩና የጎደለውን ጻፉ። የመስኮት ማዞሪያው አለ? የስም ጽሑፎቹ ከኋላ አሉ? የፓውዛው ክብ ጌጥ አለ? ፍሬቻው አልተሰበረም?

የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ላይ ደግሞ አትመኩ። የዚያ ዘመን ቆጣሪዎች ብዙዎቹ ባለ አምስት አኃዝ ስለሆኑ ከ99,999 በኋላ ወደ ዜሮ ይመለሳሉ። 42,000 የሚለው 142,000 ሊሆን ይችላል። እውነቱን የሚነግራችሁ የፍሬን ፔዳሉ ጎሚኒ፣ የመሪው ልስላሴና የሾፌሩ ወንበር ጠርዝ ነው። ፔዳሉ እስከ ብረቱ ተበልቶ ቆጣሪው ትንሽ የሚያሳይ ከሆነ የሚታመነው ፔዳሉ ነው።

4. አሁን ሞተሩን

በመጀመሪያ በእጃችሁ ንኩት። ሞቅ ካለ እናንተ ሳትመጡ ተነሥቷል ማለት ነው። የዘይት መለኪያውን ሳቡ፤ የዘይት መሙያውን ክዳንም ገልብጡ። እንደ ወተት የነጣ ነገር ካለ ውኃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ይጠረጠራል። የራዲያተሩን ክዳን የምትከፍቱት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ብቻ ነው።

ከዚያ ቾኩን ስባችሁ አስነሡና ሌላ ሰው ከኋላ ቆሞ ጭሱን ይይ። ጥቁር ጭስ ቤንዚን መብዛቱን ያሳያል፤ ካርቡሬተር በማስተካከል ብዙ ጊዜ ይፈታል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን ያሳያል። ሲነሣ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ከታየ የቫልቭ ጎሚኒዎቹ ደርቀው ይሆናል፣ ነዳጅ በሰጣችሁ ቁጥር ከመጣ ግን የፒስተን ፋሻ ነው፣ ያ ትልቅ ሥራ ነው። ነጭ እንፋሎት ጠዋት ላይ ያለ ነው፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካላቆመ ነው የሚያሳስበው። ከተቻለ መካኒክ ይዛችሁ ሂዱና የአራቱንም ሲሊንደሮች ኮምፕሬሽን (የመጭመቅ ግፊት) ይለካ። ቁጥሩ ትንሽ ዝቅ ማለቱ ሳይሆን አንዱ ከሌሎቹ በጣም መለየቱ ነው ችግሩ።

የነዳጅ ጎማ ቱቦዎችን በጣታችሁ እጠፉ። ከተሰነጣጠቁ ዕድሜያቸው አልቋል። በዛሬ ቤንዚን ውስጥ ኤታኖል ሊኖር ስለሚችል፣ እሱ ደግሞ የድሮ ጎማ ስለሚያበላሽ፣ ደህና የሚመስሉትንም ኤታኖል በሚችል ቱቦ ቀይሩ። የጋለ ሞተር ላይ የሚንጠባጠብ ቤንዚን መኪናዋን ሙሉ ያቃጥላል። በዚህ ላይ አትቆጥቡ።

5. ከመንዳታችሁ በፊት ጎማና ፍሬን

ጎማው ጥርሱ ሙሉ ስለሆነ ደህና ነው አትበሉ። ጎኑ ላይ DOT (ዲኦቲ) ብሎ የሚጀምረውን ኮድ ፈልጉና መጨረሻው ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ። 2314 ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2014 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ሦስት አኃዝ ብቻ ከሆነ እ.ኤ.አ. ከ2000 በፊት የተሠራ ነው፤ በእሱ ከግቢ እንኳ አትውጡ።

ፍሬኑን ቆማችሁ ረግጣችሁ ያዙት። ፔዳሉ ቀስ እያለ ከሰመጠ የላይኛው የፍሬን ፓምፕ አርጅቷል። ስትነዱ ወደ አንድ ጎን ከሳበች የፍሬን ጎማ ቱቦዎች ከውስጥ አብጠው ሊሆን ይችላል። የድሮ ፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል ታምቡሩ ሲከፈት አቧራውን በአየር አታስነፉት። ማርሽ ስትቀንሱ በተለይ ሁለተኛው ላይ ከጮኸ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ተበልቷል ማለት ነው፣ ግን በዚህ ብቻ መኪናዋን አትጣሉ።

6. ዋጋ ስትነጋገሩ

የጻፋችሁትን ዝርዝር አውጡና የሚታደሰውን ከማይገኘው ለዩ። ላሜራዋ ጤነኛ፣ ዕቃዋ ሙሉ ሆኖ ሞተሯ ደካማ ለሆነች መኪና ገንዘብ ጨምሩ። ሞተሯ የሚዘምር ወለሏ የበሰበሰ ከሆነ ግን በርካሽም አትውሰዱ።

መኪናዋን እያጣጣላችሁ ዋጋ አታስቀንሱ። ብዙ ጊዜ ሻጩ የአባቱን ወይም የእናቱን መኪና ነው የሚሸጠው፣ ከኋላ ወንበሯ ላይ ተቀምጦ ያደገ ሊሆን ይችላል። ችግሩን በግልጽ አሳዩት፣ ከዚያ ስለ መኪናዋ ጠይቁት። የድሮ ደረሰኝ፣ መመሪያ መጽሐፍ፣ ሁለተኛ ቁልፍ፣ ከመኪናዋ ፊት የተነሡት የቤተሰብ ፎቶ ካለ ቅጂውን ለምኑት። እነዚህ ወረቀቶች አንዴ ከተጣሉ ማንም መልሶ አይጽፋቸውም።

7. ቤት ካደረሳችኋት በኋላ

የፍሬን ዘይት፣ የሞተር ዘይት፣ የራዲያተር ውኃ፣ ቱቦዎች፣ ጎማዎች፦ ሁሉንም ቀይሩ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ስለዚህ ዓመታት የቆመች መኪና ላይ ያለው አይታመንም። ቀለሙን ግን አትንኩ። በእጅ እጠቧት፣ ሰም ቀቧት፣ ጭረቱን ተዉት። አዲስ ቀለም በማንኛውም ጊዜ መቀባት ትችላላችሁ፤ የፋብሪካውን ቀለም ካነሣችሁ በኋላ ግን መመለሻ የለም።

ደረቅና አየር የሚገባበት ቦታ አቁሟት፣ በላስቲክ አትሸፍኗት፣ ላስቲክ እርጥበቱን ከውስጥ ይይዛል። በየሁለት ሳምንቱ አውጧት። አስነሥቶ አምስት ደቂቃ ማቆየት ማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ መቀነሻ) ውስጥ ውኃ ከማጠራቀም ሌላ ጥቅም የለውም፣ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ያህል በደንብ እስክትሞቅ ንዷት።