አልማዝ ስትገዙ ከደረጃው ይልቅ ጉድፉ የት እንዳለ እዩ

የአልማዝ ጥራት ደረጃ የሚወጣው በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር ታይቶ ነው። ጂአይኤ የተባለው የአሜሪካ የከበሩ ድንጋዮች ተቋም መለኪያ 11 እርከን አለው፤ ከላይ ኤፍኤል (ጉድፍ የለሽ)፣ ከታች አይ3 (ጉድፉ ጎልቶ የሚታይ)። መሃል ላይ ካሉት ቪኤስ1 ይቀድማል፣ ቪኤስ2 እና ኤስአይ1 ይከተሉታል። ጣት ላይ ያለ ቀለበት ግን የሚታየው በባዶ ዓይን ነው። ለክብ ቁርጥ ቪኤስ2 ይበቃል፤ ኤስአይ1ም ብዙ ጊዜ ንጹሕ ሆኖ ይታያል። ኤመራልድ የሚባለው አራት ማዕዘን ቁርጥ ሌላ ነው፤ ፊቱ እንደ መስኮት ክፍት ስለሆነ ጉድፍ አይደብቅም፣ ቪኤስ1 ፈልጉ።

ሁለት ኤስአይ1 ድንጋዮች እኩል አይደሉም። ሰርተፊኬቱ ላይ ጉድፎቹ የት እንዳሉ የሚያሳይ ሥዕል ካለ እሱን አንብቡ። መሃል ላይ የተቀመጠች ጥቁር ነቁጥ ዓይን ትወጋለች፤ ዳር ያለችው ድንጋዩን በያዘው ጥፍር ሥር ትሸፈናለች። ጠርዝ ድረስ የወጣ ስንጥቅ ያለውን ግን ተዉት፤ ሲታሰር ወይም ሲጋጭ ይሸረፋል። «ደረጃው የተሰጠው ሥዕሉ ላይ ባልታዩ ደመናዎች ነው» የሚል ማስታወሻ ካያችሁ (ደመና የሚባለው የጥቃቅን ነጥቦች ክምችት ነው) ድንጋዩ ፈዛዛ ሊሆን ስለሚችል ከሌላ ጋር አስተያዩት፤ ያውም ከሱቁ መብራት ወጥታችሁ፣ በቀን ብርሃን። የሱቅ አምፖል ሁሉንም ያብለጨልጫል!

አጉሊውን ዓይናችሁ ላይ አስጠጉ፣ ድንጋዩን 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቁ። ዙሪያ ጠርዙ ላይ በሌዘር የተጻፈ ቁጥር ካለ ከሰርተፊኬቱ ጋር መግጠም አለበት። ስታዘነብሉት ስንጥቁ ውስጥ ሐምራዊ ወይም ብርቱካናማ ብልጭታ ካለፈ፣ ስንጥቁ በመስታወት መሰል ነገር ተሞልቷል። ቀለበቱ ሲጠገን የችቦው ሙቀት ሙሊቱን ያበላሸዋል።