የአየር ጠመንጃችሁ ከሳተ መጀመሪያ ጥይቱን እዩ

ደሴም ኮምቦልቻም በአየር ጠመንጃ ኢላማ የምታስተኩሱ ወንድሞች፣ ይቺን ያዙልኝ። ጠመንጃው ሲስት ቶሎ ብላችሁ ማነጣጠሪያውን አትነካኩ። ከ10 ሜትር፣ ክርናችሁን አስደግፋችሁ፣ አንድ ነጥብ ላይ 5 ጥይት ተኩሱ። ቀዳዳዎቹ ተሰብስበው ወደ ግራ ከሄዱ የኋላውን ማነጣጠሪያ ትንሽ ወደ ቀኝ ግፉት። ከተበታተኑ ግን ማነጣጠሪያው አያድናችሁም።

ያኔ ጥይቱን መዳፋችሁ ላይ አድርጋችሁ እዩት። ያቺ 4.5 ሚሊ ሜትር እርሳስ ከኋላ ስስ ጠርዝ አላት። ኪስ ውስጥ ከሳንቲም ጋር ስትንገላታ ትጎብጣለች። የጎበጠች ደግሞ አየር ታሳልፋለች፤ ቀጥ ብላም አትሄድም። አንድ የኮምቦልቻ ልጅ «አፈሙዙ ተጣሟል» ብሎ ያመጣልኝ ጠመንጃ በሽታው ይኸው ነበር። ጥይቱን በቆርቆሮው ውስጥ አስቀምጡ፣ የጎበጠውን ለቅማችሁ ጣሉ።

ቀጥሎ በካቻቢቴ የሰደፉን ቡሎኖች አጥብቁ፤ የስፕሪንጉ ንዝረት ያላላቸዋል። ስትተኩሱም አንቃችሁ አትያዙት፣ ለቀቅ አድርጋችሁ ደግፉት። ይሄ ብዙ ሰው የማያምነው ነገር ነው፤ እናንተ ግን ሞክሩት።

ከኢላማው ጀርባ ሰው የማያልፍበት ግድግዳ ይኑር። እርሳስ መርዝ ነውና ሳትታጠቡ እንጀራ አትቁረሱ።