የዱር እንሰት በጠርሙስ
አያቴ እንሰት የምታባዛው በቢላዋ ነበር። የሁለት ሦስት ዓመቱን ትነቅላለች፤ የአሚቾውን (ከመሬት በታች ያለውን ወፍራም ግንድ) ልብ ፈልፍላ ታወጣና መልሳ ትቀብረዋለች። ከወራት በኋላ ዙሪያውን ችግኝ በችግኝ ይሆናል። ቲሹ ካልቸር ላብራቶሪ (ተክል ከትንሽ ቁራጭ ጠርሙስ ውስጥ የሚያድግበት) ስቀጠር ያሳዩኝ ሥራ ከዚህ ብዙም አይለይም። የእኛ አሚቾ አነሰ እንጂ።

የጓሮው እንሰት እንዲህ በችግኝ ይባዛል። የዱሩ ግን ተስፋው ዘሩ ላይ ነው፤ አንዴ ያብባል፣ ያፈራል፣ ይሞታል። ካፋና ደቡብ ኦሞ ውስጥ ወንዝ ዳር ታገኙታላችሁ፣ ጫካው እስካለ ድረስ። ዘሩን ሰብስቦ ማስቀመጥ ብቻውን አይበቃም፤ አፈር ላይ ሲዘሩት ግማሹ ዝም ይላል። ስለዚህ ፅንሱን፣ ዘሩ ውስጥ ያለችውን ትንሿን ተክል፣ አውጥተን ጠርሙስ ውስጥ እናሳድገዋለን።

ከሁሉ በፊት ፈቃድ። የብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ሳትጠይቁ ከጫካ ምንም አትልቀሙ፤ ስለ ጄኔቲክ ሀብት አወሳሰድ የወጣ አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ። ከዚያ አለቃቀሙ። ከአንድ ዘለላ 50 ዘር መሙላት ቀላል ነው፣ ግን ሃምሳውም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። እኔ ከ20 ተክል ሁለት ሁለት ፍሬ ብታመጡልኝ እመርጣለሁ። የእያንዳንዱን እናት ዘር ለብቻ ቋጥሩ፤ ቦታውንና ቀኑን በእርሳስ ጻፉ። እስክሪብቶ አልኮል ሲነካው ይሄዳል።

ዘሩ ጥቁር ነው፣ እንደ ድንጋይ የጠነከረ። ሥጋውን አጥባችሁ አስወግዱ። 70 በመቶ አልኮል ውስጥ አንድ ደቂቃ፣ ከዚያ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ጠብ ባለበት በረኪና ውስጥ 20 ደቂቃ አቆዩት። በተቀቀለና በቀዘቀዘ ንጹሕ ውሃ ሦስቴ አለቅልቁ። ላሚናሩ፣ ንጹሕ አየር የሚነፍስበት የሥራ ሳጥን፣ ውስጥ ስትሰብሩት ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ታያላችሁ። ፅንሱ በዘሩ አፍ በኩል ነው፤ ትንሽዬ እንጉዳይ ይመስላል። በመቆንጠጫ አንገቱን እንዳትጨፈልቁት። መጀመሪያ ሰሞን ከአምስቱ ሦስቱን እኔ ገድያለሁ።

ምግቡ፣ ሚዲያ የምንለው፣ ተራ ነው። ለአንድ ሊትር፦ ኤምኤስ (የተክል ማዕድናት ድብልቅ) በግማሽ መጠን፣ ስኳር 30 ግራም፣ ማርጊያው አጋር 7 ግራም፣ ፒኤች (የአሲድነት ልኩ) 5.8። አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት ጀርም የሚገድል ድስት) ውስጥ በ121 ዲግሪ 20 ደቂቃ። የሚያስቸግረው መጥቆሩ ነው። እንሰት የፋቀ ሰው እጁ እንዴት እንደሚጠቁር ያውቃል፤ ጠርሙስ ውስጥም ያው ነው፣ ተክሉ በገዛ ጭማቂው ይመረዛል። ሁለት ግራም የላብራቶሪ የከሰል ዱቄት (አክቲቬትድ ቻርኮል) ጨምሩበት፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ጨለማ ውስጥ አቆዩት። ለማባዛት ቢኤፒ፣ ቡቃያ የሚያበዛ ሆርሞን፣ የምትጨምሩበት ሚዲያ ላይ ግን ከሰሉን ተዉት፤ ሆርሞኑንም ይመጠዋል። እዚያ ላይ ቶሎ ቶሎ ወደ አዲስ ሚዲያ ማዛወር ይሻላል።

ሲያድግ ቡቃያውን መሃል ለመሃል በስካልፔል (በላብራቶሪ ምላጭ) ሰንጥቁት። አያቴን የማስባት እዚህ ጋ ነው። ልቡ ሲጎዳ ጎኑ ይፈላል። ብዙዎች እዚህ ይታለላሉ። መቶ ጠርሙስ መደርደሪያ ላይ ያምራል፣ ጎብኚም ፎቶ ያነሳል፤ ግን መቶውም አንድ ተክል ነው። ከአንድ ፅንስ ስድስት ጠርሙስ ይበቃችኋል፤ የተረፈውን ቦታ ለሌላ እናት ልጅ ስጡ።

ለማስቀመጥ ደግሞ እድገቱን ማዘግየት ነው። ወደ 18 ዲግሪ አውርዱት፣ መብራቱን ቀንሱ፤ ስድስት ወር ሳይነካ ይቆያል። ቤልጂየም፣ ሉቨን ዩኒቨርሲቲ ያለው የሙዝ ስብስብ፣ የእንሰት ዘመድ መሆኑ ነው፣ በ16 ዲግሪ ይቀመጣል፤ ብዙው ደግሞ በፈሳሽ ናይትሮጂን በ196 ዲግሪ ከዜሮ በታች። እኛ ናይትሮጂኑ ስለማይገኝልን የክፍሉ ማቀዝቀዣ ላይ ተንጠልጥለናል።

አንድ ፋሲካ አገር ቤት ሄጄ ስመለስ ማቀዝቀዣው ቆሟል። ለካ መብራት ሄዶ ሲመለስ ራሱን አላስነሳም። ክፍሉ ምድጃ ሆኗል። ያኔ የአንዲት እናት ልጆች ሙሉ በሙሉ ጠፉ፤ የበቀለችበትን ወንዝ ዳር ሄጄ ሳየው ታርሶ በቆሎ ተዘርቶበታል። ከዚያ ወዲህ ስድስቱን ጠርሙስ ሦስት ሦስት እከፍላለሁ፤ ሦስቱ ሌላ ሕንፃ፣ ሌላ የመብራት መስመር ላይ ያድራሉ።